የናፍጣ ፖምፓውን ከማስወረድህ በፊት ሰልባትዮውን (የናፍጣ ታንኩን) እይ

ወንድምዓለም፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ኤፍ ኤስ አር አይሱዙ የጭነት መኪናህ ከመተማ ስትመለስ ዳገት ላይ ጉልበት አጣ። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጥ) ይንቀጠቀጣል፣ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ይጠፋል። ትንሽ ካረፈ ደግሞ ይነሳል። ናፍጣውን ከበርሜል ነው የቀዳኸው። መካኒኩ «ፖምፓው አልቋል፣ ይውረድ» ብሎሃል። እኔ ግን ከጻፍከው ስነሳ ፖምፓህ ገና ያላለቀ ይመስለኛል። ውሃ እየጠጣ ነው።

ይህን የምለው ከፍዬበት ስለተማርኩት ነው። በ2010 ታኅሣሥ ላይ 60 ኩንታል ሰሊጥ ጭኜ ከገንዳ ውሃ ወደ አይከል ስወጣ ልክ እንዳንተው አደረገኝ። ረዳቴ ፊልትሮ (የናፍጣ ማጣሪያ) ቀየረ፣ ሄድን። ሃያ ኪሎ ሜትር ሳንሞላ ደገመው። ሌላ ፊልትሮ ቀየርን፣ አሁንም ደገመው። ከዚያ እልህ ያዘኝ። ባትሪው እስኪዝል ድረስ ቁልፍ እየጠመዘዝኩ፣ እየገፋሁ፣ እያስገፋሁ አዘዞ ገባሁ። ጋራዥ ሲፈታ ናፍጣ ወደ ሞተሩ ከሚረጩት ከስድስቱ ኖዝል ሦስቱ አልቀዋል። በመጀመሪያው መጥፋት ላይ ቆሜ ከሰልባትዮው ስር ያለውን ባፈስ ኖሮ በአንድ ፊልትሮ እገላገል ነበር።

ለምን ዳገት ላይ መረጠ ብለህ ይሆናል። ውሃ ከናፍጣ ይከብዳል። አንድ ሊትር ናፍጣ 840 ግራም አካባቢ ነው፣ ውሃው ግን አንድ ኪሎ። ስለዚህ መኪናው ቆሞ ሲያድር ውሃው ከስር ይተኛል። ስትነዳ መንገዱ ቅል ውስጥ እንዳለ ወተት ይንጠዋል። ዳገት ስትይዝ ደግሞ ከስር ያለው ሁሉ ወደ ኋላ ይሸሻል። የመሳቢያው ቱቦ እዚያ ጋ ከሆነ ውሃውን ይመጠዋል። ስታቆም ይረጋል፣ ሞተሩም «አርፎ ተነሳ» ይባላል።

አሁን እንዲህ አድርግ። መኪናው ሜዳ ላይ ይደር። ጠዋት ሞተር ሳትነካ ከሰልባትዮው ስር ያለችውን የማፍሰሻ ቡሎን ላላ አድርግና ግማሽ ሃይላንድ ቅዳ። ወረቀቱን ልጠው፣ ውስጡም ደረቅ ይሁን። ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ሻይህን ጠጣ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወደ ብርሃን ያዘው። ከታች ሌላ ቀለም፣ መሃል ላይ ጥርት ያለ መስመር ካየህ ታችኛው ውሃ ነው። መስመር ከሌለው ግን «ንፁህ ነው» ብለህ አትቸኩል፤ የቀዳኸው በሙሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። እኔን አንዴ ሸውዶኛል። ንፁህ ናፍጣ ጠብ አድርግበት፣ ላዩ ላይ ከተንሳፈፈ ታውቀዋለህ። መስመሩ ላይ ንፍጥ የመሰለ ጥቁር ነገር ካለ ደግሞ ውሃው ሰንብቷል ማለት ነው። በውሃውና በናፍጣው መገናኛ ላይ የሚራቡ ተህዋስያን ናቸው። ፊልትሮ የሚደፍኑት እነሱ ናቸው።

ውሃ ከተገኘ ሞተሩን አታስነሳ። ናፍጣ ፖምፓውንና ኖዝሉን የሚያለሰልስ ቅባት ነው፣ ውሃ ይህን አይሠራም። ብረት በብረት ይፋጫል፣ ከዚያ ዝገት ይከተላል። ያንተ ባለ ተራ ፖምፓ ከሆነ ትንሽ ይታገሣል። ኮመን ሬይል (ናፍጣውን ከአንድ የጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት ለኖዝሎቹ የሚያድል) ከሆነ ግን ከ1000 ባር በላይ ስለሚገፋ ምሕረት የለውም።

ሰልባትዮውን ሙሉ በሙሉ አራግፍ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን፣ ሲጋራም አይቅረብ። ያፈሰስከውን አትድፋው፤ በበርሜል ሁለት ቀን ካስቀመጥከው አብዛኛው ላይኛው ናፍጣ ይተርፋል። የኔ ሦስት ሊትር የሚጠጋ ውሃ ወጥቶለታል። ውስጡን በንፁህ ናፍጣ እጠብ። በውሃና በኦሞ የሚያጥቡ አይቻለሁ፣ ያው የሸሹትን መልሰው መጨመር ነው። የመሳቢያውን ወንፊትም አውጥተህ እይ፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። የውሃ መለያው ውስጥ ያለውንም አፍስስ። ፊልትሮ ሁለት ግዛ፦ አንዱ አሁን ይታሰር፣ ሁለተኛው ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ፣ በቱቦ ውስጥ የቀረው መጥቶ ስለሚሰበሰብ። ከዚያ በእጅ በምትገፋዋ ትንሽ ፖምፓ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ አየሩን አስወጣ። ይህን ሁሉ አድርገህ ጉልበት ካልመጣ ያኔ ስለ ፖምፓው እናወራለን።

ስፒሪቶ (አልኮል) ጨምርበት የሚሉህን አትስማ። አረቄ የሚጨምርም አለ አሉ፣ እሱን እንኳ ራሱ ቢጠጣው ይሻለው ነበር። አልኮሉ ውሃውን ከናፍጣው ጋር አስታርቆ ቀጥታ ወደ ኖዝሉ ይልከዋል።

ውሃው ከየት መጣ ለሚለው በርሜሉን ብጠረጥርም እሱ ብቻ ላይሆን ይችላል። ጎንደር ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ታውቃለህ፣ መተማ ደግሞ ቀኑ ያቃጥላል። በዚህ መካከል ግማሽ ሰልባትዮ ይዞ የሚመላለስ መኪና ውስጡ ያልበዋል፣ ጠብ ጠብ እያለ ይጠራቀማል። ስለዚህ ናፍጣ ካገኘህ ማታ ሞልተህ አሳድር። የክዳኑን ጎማም እይ፤ ተሰንጥቆ ከሆነ ክረምቱና የመኪና እጥበቱ በዚያ ይገባሉ። ማደያ ላይ ቦቴ እያራገፈ ከሆነ የስሩ ዝቃጭ ስለሚነሳ ትንሽ ቆይተህ ቅዳ። ሰልፉ ይህን የሚፈቅድልህ ከሆነ ነው እንግዲህ። በጀሪካን የገዛኸውን ደግሞ አሳድረውና የመጨረሻዋን ሊትር አትጨምር። በጨርቅ ማጥለል ቆሻሻ ይይዝ ይሆናል እንጂ ውሃውን አያስቀርልህም።

ነገ ጠዋት ቅዳና የሃይላንዱን ፎቶ እዚሁ ለጥፍልን፣ እስከዚያ ፖምፓው ባለበት ይቀመጥ።