አንበሳ ዓሣ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ጥያቄ፦ ይህ ዓሣ ከየት መጣ?

መልስ፦ አገሩ ሕንድ ውቅያኖስ፣ ቀይ ባሕርና ምዕራብ ፓስፊክ ነው። እዚያ ማንንም አላስቸገረም። ጣጣው የመጣው አትላንቲክ ሲገባ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ዳርቻ ታየ። ሰዎች ከአኳሪየም አውጥተው የለቀቁት እንደሆነ ይታመናል። በ2004 ባሃማስ ደረሰ፣ ከዚያ ካሪቢያንን አዳረሰው። ሜዲትራኒያን የገባው ግን በስዊዝ ቦይ በኩል ነው።

ጥያቄ፦ ጉዳቱ ተጋኖ አይደለም?

መልስ፦ በፍጹም። ሲያድን ብታዩት ይገባችኋል። ሰፋፊ ክንፎቹን ዘርግቶ ትንንሾቹን ዓሦች ቀስ እያለ ጥግ ያስይዛቸዋል፤ ከዚያ በቅጽበት ዋጥ። የአትላንቲክ ዓሦች ስለማያውቁት በወጉ እንኳ አይሸሹትም። በባሃማስ በተጠኑ ሪፎች (ዓሦች የሚኖሩባቸው የኮራል ዓለቶች) ላይ የሚበላቸው ዓሦች ጠቅላላ ክብደት በ2 ዓመት ውስጥ በአማካይ 65 በመቶ ቀንሷል። አንዷ ሴት ደግሞ በዓመት 2 ሚሊዮን ያህል እንቁላል ትጥላለች።

ጥያቄ፦ ቢወጋኝስ?

መልስ፦ 18 መርዛማ እሾሆች አሉት፤ 13ቱ ጀርባው ላይ ናቸው። ቶሎ ከውሃ ውጡ። የተወጋውን ቦታ በማያቃጥል፣ ግን በምትችሉት መጠን በሞቀ ውሃ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ንከሩት። መርዙ ፕሮቲን ስለሆነ ሙቀት ይሰብረዋል። ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ራሳችሁን ካዞራችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ፣ አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ ይበላል?

መልስ፦ አዎ። መርዙ እሾሁ ላይ እንጂ ሥጋው ውስጥ አይደለም። እሾሆቹን በጠንካራ መቀስ ቆርጣችሁ ማጽዳት ነው።

ጥያቄ፦ በጦር የወጋነውን አንበሳ ዓሣ ለሻርክ ብንሰጥ፣ ሻርኩ ራሱ ማደኑን አይለምድልንም?

መልስ፦ እባካችሁ ተዉት! ሻርኩ የሚለምደው ዓሣውን ማደን ሳይሆን ጠላቂ ዋናተኛን መከተል ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጨርሶ ማጥፋት ይቻላል?

መልስ፦ ከአትላንቲክ? አይመስለኝም። ከ300 ሜትር በታችም ስለሚኖር ዋናተኛ አይደርስበትም። ለጥልቁ ልዩ ወጥመዶች እየተሞከሩ ነው። ይህ ማለት ግን ልፋቱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ባሃማስ ውስጥ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ እንዲቆይ በተደረገባቸው ሪፎች ላይ የአገሬው ዓሦች ከ50 እስከ 70 በመቶ ጨምረዋል። ስለዚህ ሁሉንም ቦታ ለመሸፈን አትሩጡ። ትንንሽ ዓሦች የሚያድጉበትን ሪፍ መርጣችሁ ከአንበሳ ዓሣ ደጋግማችሁ አጽዱ።

ጥያቄ፦ በዓመት አንድ የአደን ውድድር አይበቃም?

መልስ፦ ውድድሩ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው ይሰበስባል፣ ብዙ ዓሣም ያወጣል። ግን ብቻውን አይበቃም። ያጸዳችሁትን ሪፍ ለወራት ከተዋችሁት፣ ከሌላ ቦታ የመጡት መልሰው ይሞሉታል።