«ተመስገን» እያልኩ ለምን ይከፋኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ባሌም ደህና ሰው ነው። ሥራ አለኝ። ኮንዶሚኒየም ከገባን አራት ዓመት ሆነን። ተከራይ ሳለሁ «የራሴ ቤት ብቻ ይኑረኝ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም» እል ነበር። አሁን ቤቱ አለ፣ እኔ ግን ደስ አይለኝም። ውሃ የሚመጣው ሌሊት ስለሆነ ጀሪካን ስሞላ አድራለሁ፣ ጠዋት ሥራ ቦታ እነጫነጫለሁ። ስልኬን ስከፍት ሁሉም ሰው ከእኔ የተሻለ ይኖራል። እሑድ አስቀድሼ ስወጣ ቀለል ይለኛል፤ ገና ታክሲ ሰልፍ ላይ እያለሁ ተመልሶ ይመጣል። ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ «ተመስገን» እላለሁ፣ ውሸቴን ነው። እኅቶቼ «ካንቺ በታች ያሉትን እያየሽ አመስግኚ» ይሉኛል። አልቻልኩም። ይሄ ኃጢአት ነው? ወይስ ጠበል ልግባ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ካስጨነቀሽ ነገር ልጀምር። መከፋት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ቢሆን ኖሮ ዳዊት መድገም ባልተቻለ ነበር። ዳዊት ለየቀኑ ተከፍሎ እንደሚደገም ታውቂያለሽ፤ የሰኞው ከ1 እስከ 30፣ የማክሰኞው ከ31 እስከ 60 ነው። ማክሰኞ መዝሙር 41 ላይ ትደርሻለሽ (አንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 42 ይለዋል)። «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?» ይላል። ከዚያ «በእግዚአብሔር ታመኚ» ይላታል። ነፍሱ ግን ወዲያው እሺ አላለችውም መሰለኝ፤ መዝሙሩ ሊያልቅ ሲል ያንኑ ጥያቄ ይደግመዋል። በሚቀጥለው መዝሙርም ይጠይቃታል። ሦስት ጊዜ። እንግዲህ አንድ እሑድ አስቀድሰሽ፣ ታክሲ ሳትይዢ ቢመለስብሽ ምን ይገርማል?

ኤልያስም አለልሽ። በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያወረደው ኤልያስ፣ ብዙም ሳይቆይ ልትገድለው ከዛተችው ንግሥት ከኤልዛቤል ሸሽቶ በክትክታ ዛፍ ሥር ተጋደመ። «ይበቃኛል» አለ። «እኔ ከአባቶቼ አልበልጥምና ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ሞትን ለመነ (1ኛ ነገሥት 19)። የመጣለት መልአክ አልገሠጸውም። ስለ እምነት ማነስ አልሰበከለትም። ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። እንጎቻና በማሰሮ ውሃ ራስጌው ነበረ። በላ፣ ጠጣ፣ መልሶ ተኛ። መልአኩ እንደገና ቀሰቀሰውና «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነው» ብሎ አሁንም አበላው።

ስለዚህ ሌሊቱን ጀሪካን እየሞላሽ አድረሽ ጠዋት ስትነጫነጪ፣ ነፍሴ ተበላሽታ ነው ብለሽ አትደምድሚ። እንቅልፍ አጥተሽ ነው። ባልሽ በተራው ይነሣ። (ይህን ሲያነብ ቢቀየመኝም ግድ የለም።)

ጠበሉን በተመለከተ፣ ግቢ። ነገር ግን እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት ከዘጋሽ፣ ልጆችሽን ማቀፍ እንኳ ከከበደሽ፣ ወይም «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ሽው ካለብሽ፣ ዛሬ ነገ ሳትይ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ጠበልና ሐኪም አይጣሉም። የታዘዘልሽን መድኃኒት «ጠበል ጀምሬያለሁ» ብለሽ እንዳታቋርጪ።

የእኅቶችሽ ምክር ግን አልጣመኝም። ለፍቅር ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም መድረክ ላይ ብዬዋለሁ፣ አንዴ አይደለም። አንድ ቀን ግን ሉቃስ 18ን ሳስተምር ምላሴ ተያዘ። ፈሪሳዊው ቆሞ የጸለየው እኮ ምስጋና ነው! «እንደ ሌላው ሰው ሁሉ... ወይም እንደዚህ ቀራጭ ስላልሆንሁ አመሰግንሃለሁ» ነው ያለው። ከእርሱ በታች ያለውን አይቶ አመሰገነ። ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ግን «ማረኝ» ያለው ቀራጭ ነው። «ካንቺ በታች ያሉትን እያየሽ አመስግኚ» የሚለው ምክር ሳናውቀው ወደዚያ ጸሎት ያስጠጋናል። የቤተ ክርስቲያን በር ላይ የተቀመጡት እናት አንቺን ሊያጽናኑ አይደለም የተቀመጡት፤ ርቧቸው ነው። ደግሞስ ነገሩ ይሠራል? ስልክሽ ላይ ወደ ላይ እያየሽ ይከፋሻል፣ ደጀ ሰላም ላይ ወደ ታች እያየሽ ልትጽናኚ ነው። ሚዛኑ ያው ነው፣ ከእጅሽ አልወረደም። ኤልያስስ ቢሆን ሞትን ሲለምን ምን ነበር ያለው? «ከአባቶቼ አልበልጥም።»

ታዲያ በምን እናመስግን? ቅዳሴ ላይ ካህኑ የሚያደርሰውን ጸሎተ አኰቴት (የምስጋናውን ጸሎት) አስታውሺ፣ በቅዱስ ባስልዮስ ስም የሚጠራውን። «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ብሎ ይጀምራል፤ በጎ ነገር ያደረገልንን እናመስግነው ማለት ነው። ቀጥሎ ምክንያቱን ይናገራል። ሠወረነ፣ ረድአነ፣ ዐቀበነ። ሰወረን፣ ረዳን፣ ጠበቀን። እንዲህ እያለ ሄዶ «ወአብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት» ላይ ይደርሳል፤ እስከዚች ሰዓት አደረሰን። ልብ በይ፣ ጎረቤት የለበትም። ቤትና ደመወዝም የለበትም። ማን በለጠ፣ ማን አነሰ የሚል ነገር የለበትም። እርሱ ያደረገው ብቻ ነው ያለው። ለዚህ ነው የከፋውም ሰው ሳይዋሽ ሊለው የሚችለው። በዓል ሲመጣ «እንኳን አደረሰን» እንባባል የለ? እንኳን በለጥን አንባባልም።

«ተመስገን» የምትይውም ለዚህ ነው ውሸት ያልሆነው። ደስ ብሎኛል ማለት እኮ አይደለም። ደርሻለሁ ማለት ነው። ለንስሐ አባትሽና ለእግዚአብሔር ግን «ከፍቶኛል» በያቸው፣ እዚያ ጨዋነት አያስፈልግም። የሐሙሱ ዳዊት ውስጥ ያለው መዝሙር 87 (በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 88) ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብሶት ነው፣ በመጽናኛ ቃል እንኳ አይዘጋም። ቤተ ክርስቲያን ቆርጣ አልጣለችውም።

ስለ ቤቱም አንድ ነገር። «የራሴ ቤት ብቻ ይኑረኝ» ስትይ አልዋሸሽም። ቤቱም አላታለለሽም። የቤትን ሥራ እየሠራ ነው፤ ዝናብ ይከለክላል፣ አከራይ ያስቀራል። ደስታን አምጣ ብለን ያላቅሙ የጫንበት እኛ ነን። የደመወዝ ጭማሪ መጠየቅ፣ ውሃው በቀን እንዲመጣ አቤት ማለት ግን ማጉረምረም አይደለም፤ ጠይቂ፣ አቤት በይ።

ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ እስር ላይ ነበር። «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ» ይላቸዋል (4፥11)። «ይበቃኛል» የምትለዋን ቃል አየሻት? ኤልያስ ሞትን ሲለምን ያላት ናት። በአማርኛችን ያቺው ቃል መንገሽገሽም ትሆናለች፣ መርካትም። ጳውሎስም ቢሆን «ተምሬአለሁ» ነው ያለው። ያን ታላቅ ሐዋርያ ትምህርት ያስፈለገውን ነገር አንቺ በአራት ዓመት ካልቻልኩት ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ።

ልምምዱን ከፈለግሽ ይኸውልሽ። ሌሊት ውሃው ሲመጣ ስልክሽን መኝታ ቤት ተይው። የመጀመሪያው ጀሪካን እስኪሞላ ቆመሽ «ሰወረን፣ ረዳን፣ ጠበቀን» ከሚሉት ከሦስቱ ግሦች አንዷን ብቻ ያዢ። አንድ ቀን «ሰወረን» በይና በዚያ ሳምንት ከምን እንደሰወረሽ አስቢ፤ ትንሹ ልጅ ከደረጃ ወድቆ ሳይጎዳ ቀርቶ ይሆናል። ምንም ካልመጣልሽ ዝም ብለሽ የውሃውን ድምፅ ስሚ። ሁለተኛውን ጀሪካን ስትደቅኚ ተራው የባልሽ ከሆነ ቀስቅሺውና ተኚ።