ቀዩ ምልክት ሲወጣ

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ወጣት የአባቷን ኦሊምፐስ ትሪፕ 35 የፊልም ካሜራ ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ማታ ማታ ቀይ ነገር ብቅ ይልና አላነሳም ይለኛል፤ ተበላሽቶ ይሆን?» አለችኝ። «ደህና ነው» አልኳትና ሸኘኋት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በ1975 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ያንኑ ዓይነት ካሜራ ይዤ አያቴን እማማን ልጠይቅ ደብረ ብርሃን አካባቢ ሄጄ ነበር። ሲመሽ እማማ ፋኖሱን በርጩማ ላይ አድርጋ ጥጥ መፍተል ጀመረች። የፋኖሱ ብርጭቆ በአንድ ጎኑ ጥላሸት ለብሷል፤ ብርሃኑ በሌላው ጎን ወጥቶ ጉንጯ ላይ ያርፋል። እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሹራ ስትለቀው፣ ግራ እጇ ወደ ላይ ሲሄድ፣ ክሩ ጨለማው ውስጥ ብቻውን ያበራል።

ካሜራውን አነሳሁ። ቀዩ ምልክት ብቅ አለ፤ ቁልፉም አልወርድ አለ። ደጋግሜ ሞከርኩ።

«ምን ሆንክ ልጄ?»

«ብርሃኑ አይበቃም፣ እማማ።»

«እኔ በዚሁ አይደል እንዴ የምፈትለው?»

ካሜራውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ያኔ የምሠራበት ፎቶ ቤት ባለቤት ለተበላሸ ፊልም ከደመወዜ ይቆርጥ ስለነበር፣ «አይሆንም» ያለኝን ሁሉ ማመን ለምጄ ነበር። ጠዋት ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ አነሳኋት። ጥር ላይ አረፈች።

ሌንሱን የከበበው የንብ ቀፎ መሳይ መስታወት ከሥሩ ሴሊኒየም የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ባትሪ አያስፈልገውም፤ ያረፈበትን ብርሃን ራሱ ኤሌክትሪክ አድርጎ ትንሽ መርፌ ያንቀሳቅሳል። ካሜራው መርፌዋን አይቶ አፐርቸሩን፣ ማለት ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ስፋት፣ ይወስናል፤ ከ1/40 እና ከ1/200 ሰከንድም አንዱን ይመርጣል። አፐርቸሩ እስከ መጨረሻው፣ 2.8 ድረስ ተከፍቶ በ1/40 እንኳ ካልበቃው ይቆልፋል። እኔ ግን የአፐርቸሩን ቀለበት፣ ካሜራው ራሱ ከሚወስንበት ከ«ኤ» አንስቼ 2.8 ላይ ባደርገው ኖሮ በ1/40 ያነሳልኝ ነበር። ያጎረስኩት ፊልም ብርሃን ቶሎ የሚይዘው ባለ 400 ነበር። ኔጌቲቩ ስስ መሆኑ አይቀርም ነበር፤ ቀሚሷም በጨለማው ይዋጥ ነበር። ጉንጯና ክሩ ግን ይቀሩልኝ ነበር።

ትሪፖድ ያዙ፣ ትንፋሻችሁን ዋጡ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነው፤ አምፖል ከፊት ለፊት ካለ የብርሃን መለኪያው በእሱ ተታሎ ሰውየውን ያጠቁረዋል። ወደ ፊቱ ተጠግታችሁ ቁልፉን በግማሽ ተጫኑ። መርፌዋ እዚያው ተይዛ ትቆያለች፤ ጣታችሁን ሳትለቁ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አንሱ።

ስልካችሁ ሌሊቱን ቀን ስለሚያደርግላችሁ ጨለማን አታዩትም፤ ይህ ያሳዝነኛል። መጠየቅም ትታችኋል እላለሁ፤ ግን ይኸው፣ የመጣችው ልጅ ጠየቀችኝ። እኔ በሷ ዕድሜ ማንንም አልጠየቅሁም። ለጀማሪ ደግሞ ያ መቆለፊያ ደግ ነገር ነው፤ ስንት ፊልም አድኖልኛል። እሷንም መጀመሪያ ስሚው ነው የምላት። ፊቷ ያለው ሰው እንደ እማማ ያለ ከሆነ ግን አትስሚው፤ ቀለበቱን አዙሪና አንሺ።

የጠዋቷ ፎቶ ራስጌዬ አለች። ብርሃኗ ልክ ነው፤ የነጠላዋ ጥለት ሳይቀር ይቆጠራል። እማማ ግን ፀሐዩ በዝቶባት እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳለች፤ ዓይኖቿ አይታዩም።