ደወሉን ለማይሰሙ አባት፦ በሐዋሳ ከብስክሌት ጋር መንገድ መጋራት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ጡረታ የወጡት አባትሽ ግራ ጆሯቸው ከናካቴው አይሰማም፣ ቀኙም እየደከመ ነው፤ በየማለዳው ከገብርኤል በኩል ወደ ፍቅር ሐይቅ በእግራቸው ይወርዳሉ፤ በቅርቡ ከኋላ የመጣ ብስክሌት ገፍትሯቸው መዳፋቸው ተላጠ፣ «ደውዬ ነበር» ያለው ልጅም አብሯቸው ወደቀ። የመስሚያ መሣሪያ አላቸው፣ ውጭ ሲወጡ ግን ያወልቁታል። ወንድሞችሽ «ከእንግዲህ ብቻቸውን አይውጡ» ይላሉ፣ አንቺ ደግሞ ሌላ መላ ትፈልጊያለሽ። እኔም ሁለቱም ጆሮዎቼ የደከሙብኝ፣ አንደኛው ከሌላው የባሰብኝ፣ ሐዋሳን በእግሬ የምዞር ሰው ነኝ። የማውቀውን ልንገርሽ።

አስቀድሜ ግን፣ እባካችሁ መራመዳቸውን አታስቁሟቸው። ጆሮ ሲደክም ሰው ከጨዋታ ይርቃል፤ ቡና ላይ የሚወራው ያመልጠዋል፣ ለቅሶ ቤት ሄዶ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ቀስ በቀስ ከቤቱ መዋልን ይመርጣል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዘገባ የመስማት ችግርን ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡና ሊቃለሉ ከሚችሉ ነገሮች መካከል አስፍሮታል፤ እንቅስቃሴ ማጣትና ከሰው መገለልም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አሉ። አባትሽ አንዱን ያለ ፈቃዳቸው ተሸክመውታል። ቤት ካስቀመጣችኋቸው የቀሩትን ሁለቱን የምትጨምሩባቸው እናንተ ናችሁ።

ልጁ ደውዬ ነበር ማለቱ እውነት ሊሆን ይችላል። በዕድሜ የሚደክም ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። የብስክሌት ደወል፣ የወፍ ጫጫታ፣ በንግግር ውስጥ እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉ ድምፆች ቀድመው ይጠፋሉ፤ የባጃጅ ሞተርና የጎርናና ሰው ድምፅ ግን ይቆያሉ። ስለዚህ አባትሽ ባጃጅ ሲመጣ ዘወር ብለው ብስክሌት ሲመጣ ዘወር ባይሉ አይግረማችሁ። «ሲፈልጉ ይሰማሉ» የሚል ሰው በቤቱ ካለ ዛሬውኑ ይተወው፤ ይህን ያህል የሚያቆስል ንግግር የለም።

ከዚህ የባሰ ሌላ ነገር አለ። ድምፅ ከየት እንደመጣ የምናውቀው በሁለት ጆሮ ነው፤ አእምሮ የትኛው ጆሮ ቀድሞ እንደሰማና የትኛው ላይ ድምፁ እንደበረታ አነጻጽሮ አቅጣጫውን ይለያል። በአንድ ጆሮ ለሚሰማ ሰው ግን ድምፅ ሁሉ ከደህናው ጆሮ በኩል የመጣ ይመስለዋል። አባትሽ የሚሰሙት በቀኝ ነው። ብስክሌቱ በግራቸው ሊያልፍ ሲል ልጁ ቢጮህ፣ ጩኸቱ ከቀኝ የመጣ ይመስላቸውና ለማሳለፍ ብለው ወደ ግራ ፈቀቅ ይላሉ፤ ልክ ብስክሌቱ ፊት ይገባሉ ማለት ነው። በዚህ ከተማ ካየኋቸው እንዲህ ያሉ ግጭቶች አብዛኞቹ የደረሱት ሰውየው ዘግይቶ፣ ግማሹን ብቻ ሰምቶ ወደ ጎን ሲዘል ነው።

እንግዲህ አባትሽ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ፦ ድምፅ ሲሰሙ ወደ ጎን አይበሉ። መስመራቸውን ይዘው በዚያው እርምጃ ይቀጥሉ፣ ካልሆነም ባሉበት ይቁሙ። ብስክሌተኛው ዓይን አለው፤ ቀጥ ብሎ የሚሄድን ሰው አይቶ ያልፈዋል። የሚቸግረው በመጨረሻዋ ቅጽበት አቅጣጫ የሚለውጥበት ነው። ሒሳቡን ተመልከቺው፤ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በሰከንድ 5 ሜትር ይጓዛል። አሥር ሜትር ሲቀረው ቢደውል፣ አባትሽም በዚያው አቅጣጫ እየተራመዱ ስለሆነ፣ የሚተርፋቸው ጊዜ ሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው። መስማት፣ ከየት እንደሆነ መለየት፣ መወሰንና መራቅ በዚህ ጊዜ ውስጥ ለጤነኛ ጆሮም ጥድፊያ ነው።

አቅጣጫ መለወጥ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የእግረኛው መንገድ ላይ አሸዋ ተደፍቷል፣ ወይም የቡና ሻጭ በርጩማዎች ሞልተውታል፣ ወይም የቦዩ ክዳን ተነስቷል፤ ወደ አስፋልቱ መውረድ ያስፈልጋል። ዋናው አደጋ ያለው በዚህች አንድ እርምጃ ላይ ነው። መጀመሪያ ይቁሙ። ከዚያ አንገታቸውን ብቻ ሳይሆን ትከሻቸውንም አዙረው ወደ ኋላ ይመልከቱ። ከዚያ ይውረዱ። እየተራመዱ መዞር አይሁን፤ የመስሚያውና ሚዛን የሚጠብቀው አካል በውስጠኛው ጆሮ ጎን ለጎን ስለሆኑ፣ ጆሮው የተጎዳ አዛውንት ራሱን በድንገት ሲያዞር ሊንገዳገድ ይችላል። ደግሞም ቆሞ ወደ ኋላ የሚያይ ሰው ሊወጣ እንደሆነ ብስክሌተኛው ከሩቅ ይረዳል።

የእግረኛ መንገድ በሌለበት ግራቸውን ይዘው ይሂዱ፤ ተሽከርካሪው ከፊታቸው ይመጣል፣ ጆሮ የነሳቸውንም ዓይን ይሰጣቸዋል። ነገር ግን ከተማችን ሜዳ ነው፣ ብስክሌት በያቅጣጫው ይነዳል፣ ተቃራኒውን መስመር ይዞ የሚመጣም ሞልቷል። መሀሉ አካፋይ ባለው ሰፊ መንገድ ላይ ሲሻገሩ፣ መኪና ከአንድ ወገን ብቻ ቢመጣም፣ ሁለቱንም ወገን ማየት አለባቸው። አሁን አሁን ደግሞ ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች እየመጡ ነው፤ የሞተር ድምፅ ስላልሰሙ መንገዱ ነጻ ነው ማለት አይደለም።

አሁን የምነግርሽን ከማንም አልሰማሁትም፣ እየሄድኩ ያስተዋልኩት ነው። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው። ማለዳ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ ፀሐይ ከጀርባ ናት፤ ከኋላ የሚመጣ ብስክሌት ጥላው ቀድሞት በጎን ያልፍና ፊት ለፊት መሬቱ ላይ ይዘረጋል። ጥላው ረጅምና ቀጭን ነው፤ መጀመሪያ የነጂው ራስ ይመጣል፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ከፍ ዝቅ የሚሉ ጉልበቶቹ ይታያሉ። ፀሐይዋ ልክ ከጀርባ ከሆነች በየትኛው ጎን እንደሚያልፍ እንኳ ይታወቃል። እኔ በዚህ ሰዓት ዓይኔን ከፊቴ ካለው መሬት አልነቅልም፤ ደወል ከሚሰማ ሰው እኩል ቀድሜ አውቃለሁ።

ችግሩ ሲመለሱ ነው። ወደ ከተማው ፊታቸውን ሲያዞሩ ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ትገባለች፣ የኋላው ጥላ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ከኋላቸው የሚመጣው ብስክሌተኛም እንደ እሳቸው በፀሐይ ታውሮ ነው የሚነዳው። አባትሽ የተገፉት ሲወርዱ ነበር ብለሻል፤ እኔ ግን የምፈራላቸው የመልሱን ጉዞ ነው። ሁለት መፍትሔ አለው። አንደኛው አሞራ ገደል ወይም ሐይቁ ዳር ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ፀሐይዋ ከፍ እስክትል መቆየት ነው፤ እሳቸውም ደስ የሚላቸው ይመስለኛል። ሁለተኛው በውስጥ ለውስጥ የኮብልስቶን መንገዶች መመለስ ነው። ብስክሌተኛ ኮብልስቶን አይወድም፤ ለስላሳ አስፋልት እያለለት ድንጋይ ላይ አይንገጫገጭም፤ ቢመጣም ቀስ ብሎ ነው። ከፊቱ ጠርዝ ያለው ባርኔጣም ይረዳቸዋል።

ሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ላይ ሲሄዱ ደግሞ ሐይቁን በየትኛው ጎናቸው እንዳደረጉት ያስቡ። ሐይቁ በግራ ሲሆን የማይሰማው ጆሯቸው ብስክሌት ወደማይመጣበት ወገን ነው፣ የሚሰማው ወደ መንገዱ ነው፤ ይህ ጥሩ ነው። ሲዞሩ ግን ሁሉም ይገለበጣል። በዚያኛው ጉዞ ዝግ ብለው ይራመዱ፣ ቶሎ ቶሎም ቆም እያሉ ወደ ኋላ ይዩ። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ የብስክሌት ልምምድ የሚያደርጉ ልጆች ስለሚበዙ እኔ ወደዚያ አልሄድም።

ጋቢ ይለብሳሉ? ለማለዳ መልካም ነው፣ ነጭ ከሩቅ ይታያል። ነገር ግን ራሳቸው ላይ ከተከናነቡት የጎን እይታቸውን ይጋርደዋል፣ የመሣሪያውንም ማይክሮፎን እየታከከ ያንኮሻኩሸዋል። ጫፉም ከተንዘረፈፈ የብስክሌት መሪ ሊይዘው ይችላል። ትከሻቸው ላይ ያድርጉት፣ ጫፉን ያስገቡት። ከዘራ የሚይዙ ከሆነ መንገዱ ባለበት ወገን እጅ ይያዙት፤ ነጂዎች ከዘራ ሲያዩ ራቅ ብለው ያልፋሉ። «መስማት የተሳነው» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሰደርያ ስለማልበስ ጠይቀሻል። የሚለብሱ ሰዎች አሉ፣ ይጠቅማቸዋልም። ግን ይህ የአባትሽ ውሳኔ ነው፤ ልጅ ገዝቶ አባቱን የሚያለብሰው ነገር አይደለም።

መሣሪያውን የሚያወልቁት ለምን እንደሆነ ጠይቂያቸው። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ማይክሮፎኑ ላይ እያፏጨ አስቸግሯቸው ይሆናል። ሌላም አለ፤ ብዙዎቹ ዘመናዊ መሣሪያዎች ጫጫታ ባለበት ቦታ ከፊት የሚመጣውን ንግግር አጉልተው ከኋላ ያለውን እንዲቀንሱ ሆነው ነው የተሠሩት። ለሸንጎና ለማኅበር መልካም ነው፤ መንገድ ላይ ግን የሚያስፈልጋቸው የኋላው ነው። መሣሪያውን የሚያስተካክለው ባለሙያ ዙሪያውን እኩል የሚያሰማና የነፋሱን ድምፅ የሚቀንስ የመንገድ ቅንብር እንዲጨምርላቸው ጠይቁ። በዚያው ሐኪም ጆሯቸውን ይይላቸው፤ ኩክ ሞልቶም ሊሆን ይችላል፣ እሱን በክብሪት እንጨት መጎርጎር አይገባም። መለዋወጫ ባትሪም ከኪሳቸው አይጥፋ። ይህ ሁሉ ቢሆን እንኳ የሚሰሙት በአንድ ጆሮ ስለሆነ መሣሪያው አቅጣጫ አይለይላቸውም፤ ድምፅ ሲሰሙ ወደ ጎን አለማለቱ እንዳለ ይቀጥላል።

ወንድሞችሽ አብረዋቸው መሄድ ከፈለጉ ደስ ይላል፤ ነገር ግን አካሄዱን ይወቁበት። ጆሮው የደከመ ሰው የሚያናግረውን ሰው ከንፈር ያነባል፤ ከንፈር ሲያነብ መንገዱን አያይም። ስለዚህ ወሬ ካለ ቆም ብላችሁ ወይም ተቀምጣችሁ አውሩ። አብሯቸው የሚሄደው ብስክሌት በሚያልፍበት ወገን ይሁን። ብስክሌት ሲመጣ ክንዳቸውን ይዞ መጎተት ክፉ ልማድ ነው፤ ያስደነግጣል፣ ሚዛንም ያስታል። አስቀድማችሁ ምልክት ተስማሙ፤ ለምሳሌ ክርን ላይ በመዳፍ መንካት «ባሉበት ይሁኑ» ማለት ይሁን።

ከብስክሌት አከራዮቹ ልጆች ጋርም ተነጋገሩ። ሐይቁ አካባቢ በሰዓት ከሚያከራዩት አንዱ እያፏጨ ጎኔን ታክኮኝ ካለፈ በኋላ ተመልሶ መጥቶ «ጋሼ፣ ሁለቴ ደውዬልዎት ነበር እኮ፣ እምቢ ያሉኝ መስሎኝ ነው» አለኝ። «ልጄ፣ ደወልህ እኔ ዘንድ አይደርስም። ደውለህ ዘወር ያላለ ሰው ካየህ አልሰማም ብለህ ያዝ፤ እንደ እግረኛ ቀስ በልና ራቅ ብለህ እለፍ» አልኩት። ልጁ በቅንነት ያስብ የነበረው ሽማግሌዎች መንገድ የሚከለክሉት ንቀውት እንደሆነ ነው። አሁን ለሚያከራያቸው ሁሉ ይህንኑ ይነግራል። አባትሽን የገፋቸውን ልጅ ካገኛችሁት አትቆጡት፤ አባትሽ ራሳቸው ያናግሩት፣ የትኛው ጆሯቸው እንደማይሰማም ያሳዩት። ከደወል ይልቅ በወፍራም ድምፅ፣ ከሩቅ «አባባ፣ በግራ ነኝ» ቢል ለእሳቸው እንደሚሻልም ይወቅ፤ ቃሉን ከሰሙ አቅጣጫውን ከድምፁ መፈለግ አያስፈልጋቸውም።

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አንቺ ራቅ ብለሽ ከኋላቸው ሂጂና ተመልከቺ። ሳያዩ ወደ ጎን የሚሉት የት የት ቦታ እንደሆነ ልብ በይ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያው የታወቀ ሁለት ሦስት ቦታ ነው የሚሆነው፣ እነሱን ብቻ ለይተሽ ንገሪያቸው። ጆሯችን የደከመ ጥቂት ሰዎች ማለዳ አብረን ወደ ሐይቁ እንወርዳለን። አባትሽ ፈቃዳቸው ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና የት እንደምንገናኝ እነግርሻለሁ።