ከሁለቱ የኤሪዮደርማ ላይከኖች የትኛው ይበልጥ ያሰጋል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በካናዳ፣ በሃሊፋክስ ከተማ ነው። በኖቫ ስኮሺያ ደኖች ከሚገኙት ሁለት ተቀራራቢ ላይከኖች መካከል ኤሪዮደርማ ፔዲሴላተም በዓለም ደረጃ «ለመጥፋት እጅግ የተቃረበ» ተብሎ ሲመዘገብ፣ ኤሪዮደርማ ሞሊሲመም ግን በካናዳ ብቻ ለመጥፋት የተጋለጠ መባሉ ለምንድን ነው? በመልክስ እንዴት ይለያሉ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ላይከኖች ፈንገስ ስኪቶኔማ ከተባለ ሳይኖባክቴሪያ (በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ) ጋር ተዋህዶ የሚፈጥራቸው፣ ገጻቸው በጥቃቅን ፀጉር የተሸፈነ ግራጫማ ቅጠል መሰል አካላት ናቸው። ፔዲሴላተም በገጹ ላይ ቀይ ቡናማ የስፖር (የፈንገሱ ዘር መሰል ቅንጣት) ማፍሪያዎች ሲኖሩት፣ ጠርዙ ወደ ላይ ስለሚታጠፍ ነጭ የታችኛው ገጹ ይታያል። ሞሊሲመም ደግሞ በጠርዙና በገጹ ላይ ዱቄት መሰል ብናኝ ያወጣል።

ዋናው ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የሞሊሲመም ብናኝ ፈንገሱንም ሳይኖባክቴሪያውንም አንድ ላይ ይዞ ስለሚሄድ፣ ተስማሚ የዛፍ ቅርፊት ላይ ካረፈ ማደግ ይችላል። የፔዲሴላተም ስፖር ግን የፈንገሱ ብቻ ስለሆነ፣ ባረፈበት ስፍራ ተጓዳኙን ማግኘት ግድ ይለዋል፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚሳካው በባልሳም ፈር ዛፍ ግንድ ላይ፣ ፍሩላኒያ የተባለ ሳረንስት መሰል ጥቃቅን ተክል በበቀለበት እርጥብና ቀዝቃዛ ደን ውስጥ ነው።

ፔዲሴላተም በ2003 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ የገባው፣ በስዊድንና በኖርዌይ እጅግ በመመናመኑና ከካናዳው ክፍለ ሀገር ከኒው ብረንስዊክም በመጥፋቱ ነው። ሆኖም በካናዳዋ ደሴት በኒውፋውንድላንድ ብዛቱ የተሻለ በመሆኑ፣ የመጥፋት አደጋ ያለባቸውን ዝርያዎች የሚገመግመው የካናዳ ኮሚቴ በ2002 እ.ኤ.አ. የደሴቲቱን ላይከን ልዩ ትኩረት የሚሻ፣ የኖቫ ስኮሺያውን ግን ለመጥፋት የተጋለጠ ብሎ ለይቶ መድቧል። ሞሊሲመም በምሥራቅ አሜሪካ ባሉት የአፓላሺያን ተራሮችና በደቡብ ምዕራብ አውሮፓ ጭምር ስለሚገኝ በዓለም ደረጃ ሰፊ ስርጭት አለው፤ በካናዳ ግን ጥቂት ስለሆነ በ2009 እ.ኤ.አ. ለመጥፋት የተጋለጠ ተብሏል። ስለዚህ የዓለሙ መዝገብ አንዱን ስላስቀደመ ብቻ ሌላው በአካባቢዎ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ እኔ በኖቫ ስኮሺያ ሁለቱንም እኩል እሰጋላቸዋለሁ።

የሚጎዷቸውም ነገሮች ተመሳሳይ ናቸው። ሳይኖባክቴሪያ አሲድን ስለማይቋቋም፣ ከሩቅ የኢንዱስትሪ አካባቢዎች በነፋስ የሚመጣው ብክለት ያጠቃቸዋል፤ የደን ጭፍጨፋ ደግሞ ግንዱን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን እርጥበትም ያሳጣቸዋል። በኒውፋውንድላንድ ላይ፣ በ1904 እ.ኤ.አ. ከውጭ የገባው ሙስ የተባለ ትልቅ አጋዘን የፈር ችግኞችን እየበላ፣ የወደፊቱን መኖሪያ ዛፍ ያመናምናል።

ከሁለቱ አንዱን ያገኙ ከመሰለዎት ቅርፊቱን አይንኩ፤ ፎቶ አንሥተው፣ የቦታውን መለያና የዛፉን ዓይነት መዝግበው ለክፍለ ሀገሩ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ያሳውቁ።