የዓሣ ዘይት ብወስድ ልጄ ቶሎ ይሄዳል?

ጥያቄ፦ የ6 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ጓደኛዬ «ኦሜጋ 3 (በዓሣ ዘይት ውስጥ ያለው ቅባት) ካልወሰድሽ ልጅሽ ለመቀመጥም ለመሄድም ይዘገያል» ብላ አስፈራራችኝ። ሮጬ የዓሣ ጉበት ዘይት ገዛሁ። ልቀጥልበት?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ጠርሙሱን አዙሪና ጀርባውን አንብቢ። የጉበት ዘይት ሬቲኖል የሚባለው ቫይታሚን ኤ አለበት፤ እሱ ሲበዛ ደግሞ ፅንሱን ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪምሽን ሳታማክሪ አትቀጥይበት። ተራው የዓሣ ዘይት ሌላ ነው።

ጓደኛሽ ዝም ብላ ከመሬት ተነስታ አላወራችም። ዲኤችኤ የሚባለው የኦሜጋ 3 ዓይነት ለአንጎልና ለዓይን ግንባታ ያስፈልጋል፤ ፅንሱ በብዛት ከእናቱ የሚወስደውም በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ነው። ማስፈራራቱ ግን ትንሽ በዛ! እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ የወጣ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ከ2,300 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ይዞ፣ ለግማሾቹ በቀን 800 ሚሊግራም ዲኤችኤ ሰጥቶ፣ ከተወለዱት ልጆች የተወሰኑትን በ18 ወራቸው ሲፈትን በእንቅስቃሴ ችሎታቸው ልዩነት አላገኘም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ሌላው ጥቅሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018፣ 70 ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ኦሜጋ 3 ያለጊዜው መውለድን እንደሚቀንስ ታይቷል። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ደግሞ ለመዳህና ለመሄድ ሊዘገይ ይችላል።

ብዙ ባለሙያዎች በቀን ቢያንስ 200 ሚሊግራም ዲኤችኤ ይመክራሉ። ሜርኩሪ የሚባለው መርዛማ ብረት ያልበዛበት ዓሣ በሳምንት 2 ጊዜ የምትበዪ ከሆነ ምናልባት እንክብሉም ላያስፈልግሽ ይችላል።