መልስ፦ በመርፌ ናሙና ያልተለየ የአንገት ንፍፊት

እህቴ፣ የአንገትሽ ንፍፊት ሳምንታት አልፎት፣ ትኩሳትም ይዞሽ፣ የመርፌው ናሙና «አይለይም» ሲባል ብትደነግጪ አይፈረድብሽም። ቲቢና ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) መታሰባቸው ትክክል ነው። ግን ኪኩቺ የሚባል፣ እንዲህ ያለ ንፍፊትና ትኩሳት የሚያመጣ ካንሰር ያልሆነ በሽታም አለ። ብርቅ ነው። መጀመሪያ የተገለጸው በ1972 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ሲሆን በብዛት ወጣቶችን፣ በተለይ ሴቶችን ይይዛል።

በመርፌ የሚወሰደው ጥቂት ሴል ብዙ ጊዜ አይበቃም። ንፍፊቱ በሙሉ ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው የሚለየው። ያኔም ከሊምፎማ ጋር ሊምታታ ይችላል፤ እኔ ብሆን ሁለተኛ ፓቶሎጂስት (ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም) እንዲያየው እጠይቅ ነበር። ከሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል ሲያጠቃ ከሚመጣ በሽታ) ጋርም ስለሚመሳሰል፣ ሉፐስን ለመለየት የሚረዳ ኤኤንኤ የሚባል የደም ምርመራ ይታዘዛል። ኪኩቺ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ሉፐስ ግን አንዳንዴ ዘግይቶ ብቅ ስለሚል ክትትሉን እንዳታቋርጪ።